ባለ አሥራ አምስት ፊደሉ ቃል

ባለፈው የቁስቋም ዕለት ነው። ቅዳሴው አልቆ፣ ታቦቱ ዞሮ ገብቶ፣ ሕዝቡ በየጥዱ ሥር ተቀምጦ ዳቦውን ይቆራርሳል። እኔም ጉልበቴ እንደ ድሮው አልታዘዝ ስላለኝ ከእቴጌዋ ግንብ ፍራሽ ፊት ለፊት ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ብዬ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። አንድ መቋሚያ የያዙ፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ መሪጌታ በአጠገቤ ዐለፉና መለስ አሉ። ትኩር ብለው አዩኝ። ቡራኬ ሊሰጡኝ ነው ብዬ ከመቀመጫዬ ልነሣ ስል፣ እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳይሉ፣ «ኤክስ፣ ዲ፣ ዋይ» አሉኝ።

ሰው ቢሰማ መሪጌታው ዕድሜ ተጫጭኗቸዋል ይላል። የእኔ አፍ ግን ከእኔ ቀድሞ «ኤክስትራኦርዲነሪ» አለ። «አሥራ ሦስት» አሉ መሪጌታው፣ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው። ያን ጊዜ ነው ያወቅኋቸው። ይትባረክ ነው። ሰላምታውን ትቶ ፊደል የሚወረውርልኝ ሌላ ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም። በልጅነቴ «አያ ይትባረክ» እያልኩ፣ አንተ እያልኩ አስቸግረው የነበረው ሰው ጥምጣም አሥሯል፤ ጺሙ ደረቱ ላይ ወርዷል። አንተ ልበል ወይስ እርስዎ ብዬ ስንተባተብ ገባውና፣ «አንተ በይኝ፣ የሻረግ። አሁን ደግሞ ልታከብሪኝ ነው?» አለኝ። ከድንጋዩ ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት።

ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ከተመለስኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እሱ በወገራ በኩል፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ካለ ደብር ቅኔ እንደሚያስተምር ሰምቻለሁ። ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው ከሰዓት በኋላ የሚመለሱበት መንገድ ነው። አልሄድኩም። ላመሰግነው የሚገባኝ አንድ ትልቅ ነገር ነበረኝ፤ ምስጋናው ግን ከመቆየቱ ብዛት ዕፍረት ሆኖብኝ ነበር። አሁን በገዛ እግሩ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዛሬም ሳልናገር ከተለያየን ሌላ ቀን እንደማይኖረን ሁለታችንንም ያየ ሰው ያውቀዋል።

ዘመኑ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው፣ የሠራቸው ቤቶች ግን ገና ቀለማቸው ያልለቀቀበት ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ የሻይ ዋጋ ብትጠይቁኝ ግን አልሳሳትም። ፒያሳ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ከነበረው ሻይ ቤት፣ አንድ ብርጭቆ በዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ሻዩን ከቦምቦሊኖ ጋር ጠጥቶ ይወጣል። ባለቤቱ ራዲዮውን መስኮቱ ላይ አውጥቶ ስለሚያስቀምጠው ኪሱ ባዶ የሆነው ሁሉ ከውጭ ቆሞ ዘፈን ይሰማል። እኛ ሴቶቹ መቆም ነውር ስለነበረብን እርምጃችንን እናቀዘቅዛለን እንጂ አንቆምም፤ ዘፈኑ ሳያልቅ መታጠፊያው ጋ እንደርሳለን። እስካሁን መጨረሻቸውን የማላውቃቸው ዘፈኖች አሉ። የደንብ ልብሳችን ሰማያዊ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ ነበር፤ የወንዶቹ ካኪ። ሸራ ጫማ ያለው ሰው ከክፍል በሰረቃት ጠመኔ እየቀባ ያነጣታል፤ ዝናብ ከመጣ ጫማው ያለፈበት ሁሉ ነጭ ውኃ ይፈሳል። ቦርሳ የያዘ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነው ተብሎ ከመንገድ ይለቀቅለታል። በቀደም በዚያ መታጠፊያ ሳልፍ ሻይ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ በራፉ ላይ ዘፈን ይጮኻል፤ ቆሞ የሚሰማው ግን አላየሁም። እኔ ቆምኩ። አሁን ማን ይከለክለኛል።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሕንዳዊ ነበሩ፤ ሚስተር ቶማስ እንላቸዋለን። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም፤ ጎንደር ትበርዳለች እያሉ ሹራብ በሹራብ ላይ ይደርባሉ። ዓርብ በመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ ሰዋስው አያስተምሩም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ፊደል ይጽፉና እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። የእኛ ሥራ እነዚያ ፊደሎች ሁሉ የሚገኙበትን አንድ ቃል ማምጣት ነው። ፊደሎቹ ከፊት ይሁኑ ከኋላ፣ ይራራቁ ይቀራረቡ ግድ የለም፤ ረጅሙን ቃል ያመጣ ያሸንፋል። ኬ፣ ኤፍ፣ ዲ የተጻፈ ዕለት ከኋላ የሚቀመጠው የነጋዴ ልጅ «ሀንድከርቺፍ» ብሎ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ አውለበለበ። አሥራ ሁለት ፊደል ነው። መሐረቡን ባያወጣ ኖሮ ግማሾቻችን ምን እንዳለ አናውቅም ነበር። ያሸነፈ ሰው የሚስተር ቶማስን መዝገበ ቃላት እስከሚቀጥለው ዓርብ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ ሽልማት የለም። እኛ ግን ለእሷ ስንል እንጣላ ነበር። መጽሐፏ ሽፋኗ ወልቋል፤ የመጨረሻ ቅጠሎቿም ተገንጥለዋል። ስለዚህ በእኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ዋይ ላይ ያልቅ ነበር። ዜድ የምትባል ፊደል እንዳለች ብናውቅም ምን ይዛ እንደምትመጣ ያየ ሰው አልነበረም።

ይትባረክ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ከወገራ የመጣው ትምህርት ቤት ሊገባ ሳይሆን አባቴ ዘንድ ቅኔ ሊማር ነው። አባቴ በቁስቋም የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እኛ ልጆቻቸው እንኳ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምንላቸው። ይትባረክ ትምህርት ቤት ልግባ ሲላቸው ለብዙ ቀን ዝም ካሉ በኋላ፣ ቋንቋ ምን ኃጢአት አለው ብለው ፈቀዱለት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከየኔታ ፊት ቅኔውን አሰምቶ፣ ደበሎውን ከእኛ ማጀት ደጃፍ ካለችው ችንካር ላይ ሰቅሎ፣ ካኪውን ለብሶ ከእኔ ጋር ወደ ከተማ ይወርዳል። ሲመለስ ካኪውን ሰቅሎ ደበሎውን ያወርዳል። እናቴ ችንካሯ ላይ የተንጠለጠለውን አይታ ይትባረክ የት እንዳለ ታውቅ ነበር።

መጀመሪያ ያሸነፈ ሳምንት መዝገበ ቃላቷን እንዲያ ተራቁታ ማየት አላስቻለውም። እንደ ብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ጠረዛት፤ የፍየል ቆዳ ማኅደር ሰፋላት፤ በጠፍርም በትከሻው አንጠለጠላት። ሚስተር ቶማስ መጽሐፋቸውን በዚያ መልክ ሲያዩ ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አገላብጠው፣ አንተው ይዘሃት ብትቆይ ይሻላል አሉት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከቤተ ክርስቲያን የሚወርዱ አንዲት አሮጊት አስቆሙትና ማኅደሩን ሦስት ጊዜ ተሳለሙ። ዳዊት መስሏቸው ነው። ይትባረክ ክው ብሎ ቀረ። አለፍ ካሉ በኋላ ምነው አልነገርካቸውም ብዬ ብጠይቀው፣ ምን ብዬ አለኝ። እኔ በሳቅ ወገቤን ይዤ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ፤ እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ማኅደሯን ከኩታው ሥር ይሸሽጋት ነበር። እውነቱን ለመናገር አሮጊቷ ብዙም አልተሳሳቱም። ዳዊት ለሰባቱ ዕለታት እንደሚከፈል፣ ይትባረክም መዝገበ ቃላቷን ከሰኞ እስከ እሑድ ከፋፍሎ የየዕለቱን ድርሻ ዳገቱን እየወጣ በቃሉ ይደግማት ነበር። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ የማክሰኞን እሰማለሁ፣ የረቡዕን እሰማለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሚስተር ቶማስ ይበልጥ ከዚያ ዳገት ነው።

አሁን ስለ ቅኔ ቤት አንድ ነገር ልናገር፤ ያለሱ የቀረው አይገባም። ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም። ለዘንድሮ በዓል የተቀኙትን ለከርሞ መልሶ ማምጣት ነውር ነው፤ የሌላውን አንሥቶ ማለትማ ሌብነት ነው። ባለቤቱ ወዶ ለሌላ ሰው ከሰጠ ግን የተሰጠው ሰው የራሱ አድርጎ ሊለው ይችላል። ይትባረክ ይህን ሕግ እንደያዘ ክፍል ገባ። ፊደሎቹ ከዚህ በፊት ያለውን ቃል መልሰው ሲጠሩበት አፉን ይዞ ይቀመጣል። ሚስተር ቶማስ ይህን ታውቀዋለህ ይሉታል፤ ብዬዋለሁ ይላቸዋል። ለስንት ዓርብ አስረዱት። በዚህ ጨዋታ ቃል አያልቅም፣ ሁሉም ሰው በየቀኑ ሊለው ይችላል አሉት። በመጨረሻ ለዘብ አለና፣ እንግዲህ ከተማ ስወርድ የከተማው ሕግ፣ ቁስቋም ስወጣ የቁስቋሙ ሕግ ነው ብሎኝ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደማንኛችንም ይደግም ጀመር። ከቁስቋም አጥር ውስጥ ግን ለጨዋታ እንኳ የተባለን ቃል አይመልስም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ከየኔታ ጋር ከወይራው ሥር ተቀምጠዋል። የኔታ ቀና ሲሉ ይትባረክ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጣቶቹን ይቆጥራል። ምን ትቆጥራለህ አሉት። አፈረና የእንግሊዝ ቃል ነው፣ ረጅም ሆነብኝ አላቸው። እስቲ በለው አሉ። ይትባረክ ተነሥቶ፣ ቅኔ እንደሚያሰማ ሰው ድምፁን ጠርጎ፣ «ኖትዊዝስታንዲንግ» አለ። አሥራ አምስት ፊደል ነው። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና ትርጉሙን ጠየቁ።

«ቢሆንም ማለት ነው፣ የኔታ።»

«ቢሆንም ለማለት ይህን ሁሉ ዳገት?» አሉ። ተማሪዎቹ ሳቁ። የኔታም ሳቁና፣ ቅኔ የቀናለትን ተማሪ እንደሚመርቁት መረቁት። ቀጥለው፣ «ሸጋ ነው። አንዴ ብለኸዋል፤ እንግዲህ ሌላ ፈልግ» አሉት። በቀልድ ይበሉት በምር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ ከማጀቱ በር ቆሜ ነበር የምሰማው። ቃሉም ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ርእሰ መምህሩ አንድ ወሬ ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ካለ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ፣ ምግብና መኝታው ከመንግሥት የሆነ፣ ለትምህርት ቤታችን አንድ ቦታ ተሰጥቷል። አንድ ብቻ። ፈተና ተፈተንንና ይትባረክና እኔ እኩል ወጣን። ርእሰ መምህሩ ግራ ሲገባቸው ሚስተር ቶማስ በዓርቡ ጨዋታ ይለያዩ አሉ፤ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት፣ በመዝጊያው ዕለት። ይትባረክ አዲስ አበባን እንዴት ይፈልጋት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ሚስተር ቶማስ እዚያ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ብቻ የሞላበት ክፍል አለ ብለውት ነበር፤ ዳገቱን ስንወጣ፣ እዚያ እኮ እስከ ዜድ ድረስ ያለው ይኖራል ይለኛል። እኔም ብሆን ቀልድ አልነበረኝም። ከአዘዞ በኩል አንድ ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ካልሄድኩ መስከረም ሳይወጣ ተዳርኩ ማለት ነው፤ ሙሽራውን ደግሞ አንድ ጊዜ አይቼው ዐይኔን መልሼበታለሁ።

የኔታ ግን ብታሸንፊም አልሰድሽም አሉኝ። ሴት ልጅ ብቻዋን አዲስ አበባ ምን ልትሆን ነው አሉ። ሦስት ሳምንት ለመንኳቸው። እግራቸውን ሳጥብ ለመንኳቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆሜ ለመንኳቸው። በኋላ ላይ ይስደዱኝ ማለቱን ተውኩና፣ መጥተው አንድ ጊዜ ብቻ ይዩኝ፣ አይተው እንቢ ካሉ እሺ እላለሁ አልኳቸው። እናቴም በበኩሏ ለመነቻቸው። በመዝጊያው ዕለት የኔታ ኩታቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ገቡ። ርእሰ መምህሩ የራሳቸውን ወንበር አምጥተው ከፊት አስቀመጧቸው። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይጀምርና ያቆማል። መጀመሪያ በተጻፉት ፊደሎች እኩል ወጣን፤ በሁለተኛውም እኩል። ለሦስተኛው ሚስተር ቶማስ ጠመኔያቸውን አንሥተው ደብልዩ፣ ኤች፣ ኤን፣ ጂ ብለው ጻፉ። ተራው የይትባረክ ነበር። ተነሣ። ቃሉ እንደመጣለት አየሁ፤ ቃል ሲመጣለት አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶቹ ላይ መሮጥ ይጀምራል። ጣቱ ሮጠ፣ ሮጠና ቆመ። ቀና ሲል ወደ ፊተኛው ወንበር አየ። የኔታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ያዩታል። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሚስተር ቶማስ ሰዓታቸውን ሲመለከቱ ይትባረክ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋሺንግ» አለ። ሰባት ፊደል ናት። ልብስ ማጠብ። የሦስተኛ ክፍል ልጆች የሚያውቋት ቃል ስለሆነች ከኋላ ሳቁበት። እኔ ተነሣሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ከዚያ ከቅዳሜው ቃል በቀር ምንም አልነበረም። አልኩት። ሚስተር ቶማስ ሰሌዳው ላይ ጽፈው አሥራ አምስት ብለው ቆጠሩ። ጭብጨባው መካከል ወደ ይትባረክ ዞር ስል የጫማውን ጫፍ ያያል።

ወደ ቤት ስንመለስ የኔታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ዳገቱን ወጣን። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስንደርስ ቆም ብለው፣ «ያ ቃል የይትባረክ ነው» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እንደ ጥፋተኛ መሬት መሬቱን አየሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ የተባለን ቃል ይደግም ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይደግም ነበር፣ የከተማው ሕግ ነው እያለ ይደግም ነበር አልኳቸው። «እንግዲያ ዝም ያለው ሰጥቶሽ ነው» አሉ። «የተሰጠሽን ይዘሽ ሂጂ።» አዲስ አበባ የሄድኩት በዚህ ቃል ነው። እኔም አምኜዋለሁ፤ ሌላ ምን ምክንያት ይኖረዋል ብዬ።

መስከረም ላይ የቆርቆሮ ሳጥኔን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ያደረሰኝ ይትባረክ ነበር፤ ደበሎውን ለብሶ። ላመሰግነው አፌን ስከፍት ዕንባ ቀደመኝ፤ እሱ በሸጋ ግቢ ብሎኝ ሳጥኑን ለረዳቱ አቀበለ። አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ በጠመዝማዛው ሲያስታውክ፣ እኔ «ዊስፐሪንግ» የሚል ቃል ትዝ አለኝ። ዐሥር ፊደል አላት፤ አራቱም ፊደሎች አሉባት፤ የራሴ ናት። እሷን ብል ኖሮ እንኳ ዋሺንግን አሸንፍ ነበር። ያን ቀን ያለቀስኩት ልቅሶ ከናፍቆት የመጣ የመሰላቸው አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሎሚ ሰጡኝ። በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ቤቱ ሌላ ቦታ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ አልመጣም። ሚስተር ቶማስም ውላቸው አልቆ፣ መዝገበ ቃላቷን ከነማኅደሯ ይዘው ወደ አገራቸው ሄዱ። የይትባረክ ካኪ ከችንካሯ ላይ እንደተንጠለጠለ መቅረቱን እናቴ በሰው አስጽፋ ላከችልኝ። እሱም ቅኔውን ጨርሶ ወገራ ገባ። እኔ ብዙ ከተማ ዞሬ አስተማርኩ፤ መንግሥት ተለወጠ፤ ልጆች ወለድኩ፤ የኔታ እኔ ሩቅ አገር ሳለሁ ዐርፈው እዚሁ ቁስቋም ተቀበሩ። እስከ ዜድ ያለ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ልልክለት በየዓመቱ አስብ ነበር። ያንኑ አሳብ እያሰብኩ አረጀሁ።

አሁን ከዚያች ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስለ ደቀ መዛሙርቱ ጠየቅኩት። ከዚያ ዜድን አየሻት ወይ አለኝ። አየኋት፣ ትንሽ ናት፣ ጥቂት ቅጠል ብቻ ናት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት።

«አያ ይትባረክ፣ ሳላመሰግንህ አረጀሁ» አልኩት። «ያንን ቃል ስለሰጠኸኝ።»

መቋሚያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አልሰጠሁሽም» አለኝ። ያልሰማሁት መስሎት መልሶ፣ «በበዓል ቀን፣ በየኔታ ደጅ ተቀምጬ ልዋሽሽ አልችልም። አልሰጠሁሽም። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ቀና ስል የኔታ አሉ። ለሳቸው ብዬላቸዋለሁ፤ አንዴ ብለኸዋል ብለውኛል። እሳቸው ፊት እንዴት ልድገመው? ትምህርት ቤቱ ቁስቋም ሆነብኝ» አለኝ። ከዚያም ማን እንደጠራቸው እስከ ዛሬ አለማወቁን፣ ርእሰ መምህሩ መስሎት ሰውየውን እስኪሞቱ ድረስ መቀየሙን፣ ለዚያም ንስሐ መግባቱን ነገረኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። የኔታን ማን እንደጠራቸው የሚያውቅ ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ዘመን ስጦታ ነው ብዬ በፍቅር ይዤው የኖርኩት ነገር ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ፤ በቦታው የመጣው ደግሞ ከዕፍረቱ ይከብድ ነበር። ሰጥቶኝ ሳይሆን ወስጄበት ኖሯል።

«የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አልኩት። «ሦስት ሳምንት ለምኜ።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ምነው?» አለ።

«እንዲያዩኝ። ካላዩኝ አይሰዱኝም ነበር።»

ልጆች በፍራሹ ግንብ መስኮት እየገቡ ይወጣሉ፤ ከወዲያ በኩል ከበሮ ይሰማል። ካልሄድሽ ለአዘዞው ሰውዬ ትዳሪ ነበር አለኝ፤ እዳር ነበር አልኩት። ሰውየውን እንደሚያውቀው፣ ኋላም ጥሩ ሰው እንዳልወጣው ነገረኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስታስተምሪ ያንን ቃል ስንት ጊዜ አልሽው አለኝ።

«አንዴም» አልኩት። እውነት ነው። መጽሐፉ ላይ ሲመጣ ተማሪ አስነሥቼ አስነብባለሁ፤ እኔ ግን በአፌ ብዬው አላውቅም። የተሰጠኝ ለዚያች ቀን ብቻ ነው፣ ባለቤቱ ሌላ ነው ብዬ። ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የየኔታ ልጅ» አለኝ።

መቋሚያውን ተደግፎ ተነሣና፣ ተነሺ እንሂድ አለኝ። ወዴት ብዬ ብጠይቀው ከአጥሩ ውጭ አለ። የየኔታ መቃብር ከተቀመጥንበት ዐሥር እርምጃ አይርቅም፤ በዚያ በኩል ስናልፍ ሁለታችንም እጅ ነሣን። በሩን ወጥተን፣ ጧፍ የሚሸጡትን ሴቶች አልፈን፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ዝቅ ብለን፣ ድሮ ዳገቱን ስንወርድ ይትባረክ አሁን የከተማው ሕግ ነው ከሚልበት ቦታ ስንደርስ ቆመ። ፊደሎቹን ስጪኝ አለኝ።

እጄን እንደ ሚስተር ቶማስ አጣጠፍኩ። «ደብልዩ፣ ኤች፣ ኤን፣ ጂ።»

አውራ ጣቱ በጣቶቹ ላይ ሮጠ። ድምፁን ጠረገና ቃሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ፊደል ሳያስቀር፣ ቅኔ እንደሚያሰማ ሰው ዘለግ አድርጎ አለው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ራሱን አውጥቶ አየን። አሥራ አምስት አልኩት፤ አሸንፈሃል አልኩት። እሱ ግን እኔን አያይም። ወደ አጥሩ፣ የኔታ ወዳሉበት ዞሮ ቆሟል።

«ሰምተውን ይሆን?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።